የታመቁ እጆች

«መልሰው» አለች እህቱ፣ አውራ ጣቷን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ እየነቀነቀች።

ሪሞቱን ተጭኖ መለሰው። ከመጣች ጀምሮ ሥራው መመለስ ብቻ ሆኗል። በቴሌቪዥኑ ላይ ሟች እናታቸው መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ግራጫ ሹራቧን ደርባለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛለች። ፊቷ ደህና ይታያል። የሹራቡ ቁልፎች፣ የመጋረጃው አበባ፣ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ለመናገር እጆቿን ታነሳለች፣ ነገር የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። እጆቿ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ጣቶቿ እርስ በርስ ተቀላቅለው ውሃ እንደነካው ቀለም ይፈሳሉ። ሁለቱ እጆች አንድ ግራጫ ጭጋግ ይሆኑና ከሹራቡ ጋር ይዋሃዳሉ። ጭኗ ላይ አርፈው ዝም ሲሉ ብቻ ጣቶቿ እንደገና ተለይተው ይታያሉ።

እህቱ ከሶፋው ወርዳ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክካ ነበር። አፍንጫዋ መስተዋቱን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ዞር ብላ አየችው።

«ምን እያለች ነው?» አለች በእጇ። «ለአንተ ይታይሃል?»

«ቆይ እስኪ» አላት፣ እሱም በእጁ። ቆይ እስኪ መልስ አይደለም፤ ለጊዜው ግን ያድናል።

እናቱም እህቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ በዚያ ቤት የሚሰማ ጆሮ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እናትየው የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ ስለማታውቅ እዚያ የሚሰጠውን የምልክት ቋንቋ አልተማረችም። የራሷን ሠራች እንጂ። አከራያቸውን በቦርጩ፣ ሐሜተኛዋን ጎረቤት እንደ መቀስ በሚከፈቱና በሚዘጉ ሁለት ጣቶች፣ ዝናብን ግንባሯ ላይ በሚንጠባጠቡ ጣቶች ትጠራ ነበር። ሴት ልጇ ስትስቅ ጉንጯ ስለሚሰረጉድ ስሟ ጉንጭ ላይ የምትተከል ሌባ ጣት ሆነ። የወንዱ ልጅ ስም የጆሮን ጫፍ ሳብ ማድረግ ነበር። አድጎ በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ሲሆን ባልደረቦቹ ይህን ሳያውቁ «ጆሮ» አሉት፣ ሁለት ክፍል አልፎ የሚያቃስት ማራገቢያ እየሰማ ቀረጻ ያስቆማቸው ስለነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ለዚህ ሰው ግን ባዳ የሆነበት ዓይኑ ነው፤ ይህንንም ያወቀው ገና ዛሬ ነው።

የእናትየው ቋንቋ በዓለም ላይ ሦስት ተናጋሪ ነበረው። አሁን ሁለት ቀርተውታል፣ ከሁለቱም አንዱ እየረሳው ነው።

ቪዲዮው የተቀረጸው ለእህቱ ነበር። መስማት ለተሳናቸው ልጆች መምህርት ሆና በሌላ ከተማ ሥራ ስታገኝ እናትየው አኮረፈች። «ሂጂ፤ እኔ ግን ከማን ጋር ላወራ ነው?» አለቻት ሻንጣዋን ስትዘጋ። ልጅየው ሄደች። ከዚያ በኋላ በስልክ ቪዲዮ በደወለች ቁጥር እናትየው ፊቷን ታዞራለች። እነሱ ዘንድ ፊት ማዞር በሌላው ቤት ጆሮን በሁለት እጅ ከመድፈን ይብሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉና እናትየው ታመመች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጇን ጠርታ መስኮቱ ሥር አስቀምጠኝ፣ ካሜራህን አምጣ፣ ለእሷ የምለው አለኝ አለችው። ቀረጸላት። ፋይሉ ከባድ ስለነበር በኢንተርኔት አልሄድ አለው። ነገ በፍላሽ አድርጌ እልከዋለሁ ሲል ነገ ከነገ ወዲያ እየሆነ እናትየው ሞተች። በቀብሩ ዕለት ለእህቱ መልእክት እንዳላት ነገራት። አሁን ላየው አልችልም፣ ሲበርድልኝ እመጣለሁ ብላ ሄደች። እስኪበርድላት ሁለት ዓመት ፈጀ። ዛሬ እሁድ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ የመጣችው ለዚሁ ነበር፤ እናቷ ተቀይማት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ልታውቅ።

እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ጆሮ ቤት ቀየረ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነበር። ሚስቱ በቪዲዮ ካሴት የተሞላውን ካርቶን በእግሯ ገፋ እያደረገች ወይ ይህ ይውጣ ወይ እኛ እንውጣ አለችው። ስለዚህ የቤተሰቡን ቪዲዮ ሁሉ፣ ከአሮጌው ካሴት እስከ ካሜራው ካርድ፣ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ ሊሰበስብ ተነሳ። እንዳለ ቢገለበጥ ዲስኩ አይበቃውም፤ መታመቅ ነበረበት። የሚታመቅበትን ፎርማት ለመምረጥ ኢንተርኔት ላይ ያላነበበው የለም። አንዱ አሮጌው ፎርማት በየትኛውም ቴሌቪዥን ይከፈታል ይላል፣ ሌላው አዲሱ በግማሽ ቦታ ያንኑ ጥራት ይሰጣል ይላል፣ ሦስተኛው ይመጣና ሁለቱንም ይሰድባል። የኳስ ደጋፊዎች እንኳ እንደዚያ አይሰዳደቡም። ሚስቱ ከጀርባው ቆማ ስታየው ቆየችና እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አላወዳደርክም አለችው። አንቺን በጆሮዬ ነው የመረጥኩሽ አላት፤ ሁለቱም ሳቁ።

በመጨረሻ አዲሱን መረጠ። ቪዲዮ ማለት በየሰከንዱ የሚደረደሩ ብዙ ፎቶዎች ናቸውና ቦታ ለመቆጠብ ከየሁለቱ ፎቶ አንዱን አስጣለ። ምስሉ ላይ የሚታየውን ብናኝ የሚያለሰልስ ማጣሪያም ጨመረበት። ሁለቱም የሚንቀሳቀሰውን እንደሚያደበዝዙ አንብቧል፤ የእኛ ቤት ቪዲዮ ሰው ተቀምጦ የሚታይበት ነው፣ ማን ይሮጣል ብሎ። ድምፁን ግን ንክች አላደረገውም። ድምፅ ሲታመቅ ነፍሱ ትወጣለች ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ምስሉ ላይ ሰሰተ፣ ድምፁ ላይ ለገሰ፣ ሁሉንም በአንድ ቁና ሰፍሮ ኮምፒውተሩን አስጀመረው።

ሲያልቅ አላጣራም አይባልም፤ አጣርቷል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አዳመጠ። ወፎቹ አሉ፣ የበሩ ሲጥታ አለ፣ የእናቱ ትንፋሽ አለ። ደስ አለው። ካርቶኑን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አስረከበ፤ የካሜራውንም ካርድ አጥፍቶ ለሥራ ተጠቀመበት። ሚስቱ እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። ከዚህ የተሻለ አይቀመጥም አላት። በእጇ የምትናገር እናቱን በጆሮው መርምሮ አለፋት። ወይ ነዶ።

ሚስቱ ሻይ ይዛ ገባች። ፊታቸውን አየችና ብርጭቆዎቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«የመጀመሪያው ኮፒ የለም እንዴ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እህቱ እንደማትሰማ ረስታ።

«የለም።»

«ካሜራው ላይስ?»

«አጥፍቼዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

እህትየው የሁለቱን ከንፈር በተራ ስታይ ነበር። ሚስትየው ሌላ የምትለው ነበራት፤ ነገር ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ትታው ወደ ጓዳ ተመለሰች።

በዝግታ ሞከሩት። ምስል በምስል እያስቆመ አሳለፈላት። እናትየው መጀመሪያ ሌባ ጣቷን ጉንጯ ላይ ተክላ ትንሽ ቆይታ ነበርና እሱ በደንብ ታየ። እህቱ የገዛ ጉንጯን ነካች።

«ስሜን ጠራች» አለች።

«አዎ።»

«ከስሜ በኋላስ?»

ከስሟ በኋላ ጭጋግ ነው። ጭጋጉ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዴ ወደ መስኮቱ ይጠቁማል፣ አንዴ ደረቷ አካባቢ ይከማቻል፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ያረጁ እጆች ጭን ላይ ያርፋሉ። እህቱ ተስፋ አልቆረጠችም። ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ሆዱን ያባባው።

«አንተ እኮ ካሜራው ጀርባ ነበርክ» አለችው። «ፊት ለፊትህ ነው የተናገረችው። ተቀይማኛለች?»

ነበረ እንጂ፣ እዚያው ነበረ። መስኮቱ ክፍት ነበርና የመኪና ድምፅ ይገባ ነበር፤ ልማድ ሆኖበት ዓይኑን ካሜራው ላይ የድምፁን መጠን ከሚያሳየው መርፌ ሳይነቅል ነበር የቀረጸው። በኋላ ተረጋግቼ አየዋለሁ ብሎ። እናቱ ያላትን የመጨረሻ ንግግር ስትናገር እሱ መርፌ ይጠብቅ ነበር።

እጆቹ ሳያስበው ተነሱ። አልተቀየምኩሽም ማለት በእናታቸው ቋንቋ ቀላል ነበር፤ መዳፍን ደረት ላይ አሳርፎ ጠረጴዛ እንደሚወለውሉ አንዴ ጠረግ ማድረግ ነው። አንዲት እንቅስቃሴ። እህቱ ታምነዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ይበርድላታል፣ ሻይዋን ጠጥታ ወደ ተማሪዎቿ ትመለሳለች። የሚያጋልጠውም የለም።

ግን እናቱ ትዝ አለችው። ልጅ ሆኖ አፏ እሱ ነበር። ሐኪም ጋ፣ ቀበሌ፣ ገበያ ይዛው ትሄዳለች፤ እሷ በእጇ ትናገራለች፣ እሱ ለሰው ይተረጉማል። ሐኪሙ ፊት ቆማ ሕመሟ መቼ እንደጀመራት፣ ሲጀምራት ምን ትሠራ እንደነበር፣ በሕልሟ ምን እንዳየች፣ አባቷም እንዲህ ያደርገው እንደነበር ስትዘረዝር ትቆያለች። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እሱ ያፍራል፣ ከዚያ ይቸኩላል፣ ከዚያ «ራሷን ያማታል» ይላል። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲወጡ መንገድ ላይ አቁማው ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ተናገርኩ፣ አንተ አፍህን አንዴ ከፍተህ ዘጋህ፤ የቀረው ንግግሬ የት ሄደ? አለችው። ያኔ ምን እንደመለሰላት አያስታውስም። ምናልባት ቆይ እስኪ ብሏት ይሆናል።

እጆቹን አወረደ።

«አላየሁም» አለ።

«ምን ማለት ነው አላየሁም?»

ለድምፅ መለኪያ መርፌ ምልክት አልነበራቸውም። ሌባ ጣቱን አቁሞ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ፣ ጆሮውን እየነካ፣ ዓይኑን ወደ ጣቱ እየጠቆመ እንደምንም አስረዳት። እጇን አላየሁም፣ ይህን ነበር የማየው አላት። ከዚያ ያልተጠየቀውንም ጨመረ፤ ጀምሮ ማቆም አቃተው።

«ቪዲዮውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዲስኩ አይደለም፣ እርጥበት አይደለም። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ እኔ ነኝ። ዋናውንም ጥያለሁ።»

እህቱ ለረጅም ጊዜ እጆቹን አየች፣ ሌላ ነገር ይጨምሩ እንደሆነ የምትጠብቅ ይመስል። ከዚያ ተነሳችና ወደ መስኮቱ ሄዳ ፊቷን አዞረች።

ጀርባዋን እያየ ተቀመጠ። ቤታቸው እያሉ ጀርባ የሰጠን ሰው ለመጥራት እግራቸውን መሬት ላይ ይመቱ ነበር፤ ወለሉ ይነግረዋል። አሁንም መምታት ይችል ነበር። አልደፈረም። ምን ብሎ ይጠራታል? ይቅርታ ይጠይቅ ዘንድ እንኳ ማየት አለባት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሪሞቱን አንስቶ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተው። ጉንጩ መጣ፣ ጭጋጉ መጣ። እጆቹን መፈለግ ሲታክተው ዓይኑን ጨፈነ።

ድምፁ ደግሞ ግሩም ነው፤ ምንም አይወጣለትም። መኪና አለፈ። ኮሪደሩ ላይ የሰው እግር ተሰማ። የሹራቡ እጅጌ ከጭኗ ጋር ሲተሻሽ፣ በርጩማው ሲንቋቋ፣ ትንፋሿ ሲገባና ሲወጣ ይሰማል። እናቱ ሙሉዋን እዚያ አለች፤ ለእሱ። ያን ጊዜ ገባውና አንገቱን አቀረቀረ፤ ሳያውቀው እናታቸውን ለራሱ ብቻ አስቀርቷታል። ለእህቱ የሚደርሳትን ድርሻ አስጥሎ እሷ ልትነካው የማትችለውን ድርሻ በወርቅ ሣጥን አኑሮታል።

ከዚያ ከትንፋሿ በታች ሌላ ነገር ሰማ። ከዚህ በፊትም ሰምቶት ነበር፤ ግን የቤት ድምፅ ሆኖበት እንደ ሰዓት ምት አልፎታል። እናቱ እያንጎራጎረች ነበር። ዜማ የለውም፤ ከሆድ የሚነሳ፣ ዝቅ ብሎ የሚሄድ «እምም» የሚል ድምፅ ነው። እናቱ እንዲህ እንደምታደርግ እሷ ራሷ አታውቅም ነበር። የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ መቼ መቼ እንደምታደርገውም ያውቃል።

እግሩን ወለሉ ላይ መታ።

እህቱ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንድ ነገር አለ» አላት። «በእጇ አይደለም።»

«በምኗ ነው ታዲያ?»

ለዚህም ምልክት አልነበራቸውም፤ የማያውቁትን ነገር ማን ስም ያወጣለታል? አጠገቧ ሄደና መዳፏን ይዞ የገዛ ደረቱ ላይ አሳረፈው። ከዚያ እንደ እናቱ አንጎራጎረ። መጀመሪያ አልሆነለትም፣ ከጉሮሮው ነበር የወጣው። ወደ ሆዱ ዝቅ አደረገው። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለችና እዚያው በሩ ላይ ቆመች።

እህቱ እጇን መንጭቃ አነሳች። ከዚያ መልሳ አሳረፈችው።

«ይህን አውቀዋለሁ» አለች በሌላው እጇ። «ጀርባዬ ያውቀዋል። ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ፀጉሬን ስታበጥረኝ። ሆዷ ይመስለኝ ነበር።»

«ድምፅ ነው። እሷም አታውቅም ነበር።»

«ለምን አልነገርካትም?»

«ካወቀች የምትተወው መሰለኝ።»

«ስትቆጣም እንዲህ ታደርጋለች?» አለች።

«ስትቆጣ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው። ይህን የምታደርገው ፀጉርሽን ስታበጥር ነው። ሌላ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም።»

«አሁን የት ላይ ነው ያደረገችው?»

«ስምሽን ከጠራች በኋላ። እጇ እስኪያርፍ ድረስ።»

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር ብላ የቆመውን ምስል አየች፤ እጇን ከደረቱ አላነሳችም።

«እና አልተቀየመችኝም ማለት ነው?»

ያቺ አንዲት የመዳፍ ጠረግታ እንደገና እጁ ላይ መጣችበት። በዚህ ጊዜ ደግሞ ውሸት ላትሆን ትችል ነበር።

«ያለችውን አላውቅም» አለ። «ያንጎራጎረችውን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበርና ሚስቱ ሌላ አመጣች። እህቱ ይቅር አላለችውም፤ ይቅር አልልህምም አላለችው። ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አድርግልኝ ብቻ አለችው፣ አውቶቡሷ ሳይሄድባት። ስልኳ የተማሪዎቿ ቪዲዮ ጢም ብሎበት ነበርና ፋይሉ አልገባ አለ። የትኛውን ላጥፋ ስትል አንዱንም ለማጥፋት አልጨከነችም። ጆሮ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚያምቅበትን ፕሮግራም አስነሳ። ስክሪኑ ላይ የምስሉ መጠን፣ ከሥሩ ደግሞ የድምፁ መጠን ተጽፎ ወጣ። ድምፁ ሳይታመቅ ስለተቀመጠ ከምስሉ ይከብዳል። አመል አይለቅም፣ እጆቹ ቀድመውት ተናገሩ።

«ድምፁን ላውጣልሽ? ቦታውን የበላው እሱ ነው። ለአንቺ...»

እዚያ ላይ እጆቹ ቆሙ። እህቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ማውሱን ከእጁ ወሰደችው። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ የተማሪ ፈተና እንደምታርም ረጋ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበች። የምስሉን ጥራት አንድ ደረጃ አወረደችው። አልበቃም። ሌላ አንድ አወረደች፣ ከዚያም ሌላ፤ ከጎን ባለው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሹራቡ ቁልፎች ጠፉ፣ የመጋረጃው አበባ ጠፋ፣ የእናታቸው ፊት ደበዘዘ።

«ፊቷ እኮ ሊጠፋ ነው» አላት።

«ፊቷን አውቀዋለሁ» አለችው።

ድምፁ ላይ ያለውን ምልክት ሳትነካ «ጀምር» የሚለውን ተጫነች።